አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ፤ ስም የሰጡ፣ ስምም የተሰጣቸው



በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ጎተራ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከተሠራው የእህል ማከማቻ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ሰፈሩን የሚያውቀው በመኪና ማሳለጫው ቢሆንም፣ ስሙ ግን ከእህሉ እንደ ተያያዘ ቀርቷል። ጎተራ ያለው ሰው መለየት ግዴታው ነው። ጤፉን ከስንዴው፣ ለዘር የሚሆነውን ለምግብ ከሚውለው፣ ነጩን ከቀዩ ይለያል፤ ነጭና ቀይ ለተቀላቀለበትም ጤፍ ሰርገኛ የሚል ስም አውጥቶለታል። ኦሪት ዘፍጥረት አዳም ለእንስሳት ሁሉ ስም እንዳወጣ ሲነግረን፣ መለየትና መሰየም ከሰው ልጅ የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ መሆኑን ያስተምረናል። ስለዚህ ሥራው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚከፋው ሰው ሰውን እንደ እህል ከለየና ስም ከለጠፈበት በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ላለመጠየቅ ሲወስን ነው።

በዚህ እትም ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ አባ ጎርጎርዮስ ሁለቱንም አይተዋል። የአገራቸውን ነገር ሁሉ በትክክለኛ ስሙ እየጠሩ ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተማሩ እርሳቸው ናቸው፤ በሄዱበት ሁሉ ደግሞ ሌሎች ስም እያወጡ በየመደባቸው ሊያስገቧቸው የሞከሩትም እርሳቸውን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ በጥንቱ የአማራ ክፍለ ሀገር፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው አገር በመካነ ሥላሴ ነው። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩት፣ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በወርቅ ጌጡ የታወቀ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ቦታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጥሏል። እንግዲህ አባ ጎርጎርዮስ ያደጉት የቀድሞ ክብሩን እያስታወሰ በሚኖር አገር ነበር። ከታወቀ ቤተ ሰብ የተወለዱ ሲሆኑ፣ የግዕዝን ትምህርት ጠንቅቀው ተማሩ፤ ከኢየሱሳውያን መነኮሳት ጋር በመኖራቸውም ፖርቱጋልኛ ቋንቋ ለመዱ።

ዘመኑ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነበር። ንጉሡ በ1622 የካቶሊክን እምነት በግልጽ ተቀበሉ፤ በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ከፖርቱጋል መጡ፤ በ1626 ከሮም ጋር ያለው አንድነት በአዋጅ ተነገረ። ፓትርያርኩ የአገሩን ሥርዓት፣ ጾሙንና በዓላቱን በጥድፊያ ለመለወጥ መነሣታቸው ታላቅ ስሕተት እንደ ነበር ዛሬ የራሳችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎችም የሚስማሙበት ነው። ሕዝቡ በሁለት ስም ተከፈለ። የሮምን እምነት የተቀበለው ከፈረንጅ ጋር ተደምሮ ሲቆጠር፣ የአባቶቹን እምነት የጠበቀው ደግሞ በሚሲዮናውያኑ ጽሑፎች ከመናፍቃን ጎራ ተመደበ። በአንድ ማድ ይበሉ የነበሩ ወንድማማቾች በጦር ሜዳ ተገናኙ። በ1632 በወይና ደጋ ከፈሰሰው ደም በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አወጁ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ነገሡ። ኢየሱሳውያኑ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ፓትርያርክ ሜንዴዝ በቱርኮች እጅ ወድቀው ከተንገላቱ በኋላ ወደ ሕንድ አገር ተሻግረው በ1656 በጎዋ ዐረፉ።

አባ ጎርጎርዮስ በዚያን ጊዜ ከፓትርያርኩ ጋር ለስደት ከወጡት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። አገራቸው በዚያ ስም ካወቀቻቸው በኋላ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት መንገድ ተዘጋ። ከብዙ ዓመታት እንግልት በኋላ በሮም ከተማ እናገኛቸዋለን።

በሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በስተጀርባ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያንና የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ይህ ቤት ከ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች መጠለያ ሆኖ ኖሯል። በግዕዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 የወጣው በዚሁ ቤት ይኖሩ በነበሩት በአባ ተስፋ ጽዮን ድካም ነው። በ1919 የተመሠረተው ጳጳሳዊ የኢትዮጵያ ኮሌጅም የዚያው ቤት ወራሽ ነው።

ወደዚህ ቤት በ1649 አንድ ወጣት ጀርመናዊ መጣ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ፣ የትውልድ ከተማው ኤርፉርት፣ እምነቱ ሉተራዊ፣ ዕድሜው ሃያ አምስት ገደማ ነበር። ወደ ሮም የመጣው በፓሪስ የነበሩት የስዊድን አምባሳደር ጥንታዊ ሰነዶችን እንዲፈልግ ልከውት ነው፤ የልቡ ፍላጎት ግን ሌላ ነበር። ገና ተማሪ ሳለ ግዕዝን ያለ መምህር፣ ከታተሙት ጥቂት መጻሕፍት ብቻ አጥንቶ ነበር። ከመጻሕፍቱ አንዱ ያዕቆብ ቬመርስ የተባሉት የቀርሜሎስ መነኩሴ በ1638 በሮም ያሳተሙት መዝገበ ቃላት ነው። መዝገበ ቃላቱ ቃሉን ይነግረዋል እንጂ አፍ የለውም፤ ስለዚህ ሉዶልፍ ቋንቋውን ሲናገር የሰማው ሰው አልነበረም። በማረፊያው ያገኛቸው ኢትዮጵያውያን የግዕዝ መጽሐፍ ሰጥተው እንዲያነብ ጠየቁት። ማንበቡን አነበበ፤ አነጋገሩ ግን ሳቅ አስነሣባቸው። ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ግን ሳቃቸው ወደ አድናቆት ተለወጠ።

በዚያ ከነበሩት መካከል ሉዶልፍን በወዳጅነት የተቀበሉት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በመጀመሪያ የሚግባቡበት ቋንቋ ቸገራቸው። በኋላ ሁለቱም የሚያውቁትን ግዕዝን መረጡ። ለአንዱ የቅዳሴና የመጻሕፍት ቋንቋ፣ ለሌላው በብራና የተቀበረ የጥናት ቋንቋ የነበረው ግዕዝ በሁለት ሰዎች መካከል የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ ሆነ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ከአገር የወጡ ካቶሊካዊ መነኩሴና ሉተራዊ ወጣት፣ በእምነት ክርክር ጀርመንን ሠላሳ ዓመት ያቃጠለው ጦርነት ካበቃ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ በሮም መካከል ተቀምጠው ስለ ግስና ስለ ስም ይወያዩ ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሉዶልፍ የሚጠይቀው በላቲን ሰዋስው በለመደው መንገድ ነው፤ ይህ ቃል ከየትኛው ክፍል ነው፣ ይህ ግስ በየትኛው ጊዜ ይነገራል፣ የዚህ ስም ጾታ ምንድን ነው እያለ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ቋንቋውን የያዙት በሌላ አከፋፈል ነው። በአገራችን የቆሎ ተማሪ ግስን የሚማረው ቀተለን፣ ቀደሰንና ባረከን የመሳሰሉትን አርእስት እያደረገ፣ የቀሩትን ግሶች በየአርእስታቸው ሥር እያሰለፈ ነው። የድሮው የሰዋስው መጽሐፍም ቃላትን በየዓይነታቸው ይሰበስባቸዋል። ሰዋስው መሰላል ማለት ሲሆን፣ ስሙም የግብጽ ክርስቲያኖች ለተመሳሳይ መጻሕፍት ከሰጡት የዐረብኛ ስም የተወሰደ ነው። እንግዲህ አንዱ በላቲን መደርደሪያ፣ ሌላው በኢትዮጵያ መሰላል ያስባል። የሉዶልፍ ታላቅነት መደርደሪያው ሲጠበው የሚያውቀውን ሰው ደጋግሞ መጠየቁ ነው። የአባ ጎርጎርዮስ ታላቅነት ደግሞ ለእንግዳ ጥያቄ ሳይሰለቹ መልስ መስጠታቸው ነው።

ሉዶልፍ ወደ ጀርመን ከተመለሰ በኋላ በዛክሰን ጎታ መስፍን በኤርንስት ቤተ መንግሥት አገልግሎት ገባ። መስፍኑ በሕዝባቸው ዘንድ መንፈሳዊው የሚባሉ፣ ለትምህርት የሚተጉ ሉተራዊ ገዥ ነበሩ። ስለ አባ ጎርጎርዮስ ሲሰሙ እንዲመጡላቸው ጠሩ፤ አባ ጎርጎርዮስም የአልፕስን ተራራ ተሻግረው በ1652 ወደ ጎታ ደረሱ። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀመጡ። የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ የመልክዓ ምድር ካርታውና የአማርኛ ሥራው መሠረት የተጣለው በእነዚያ ጥቂት ወራት ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን መስፍኑና የቤተ ክህነት መማክርቶቻቸው የፈለጉት የቃላት ትርጉም ብቻ አልነበረም። እኚህ መነኩሴ ከየትኛው ወገን ናቸው? የሮም ናቸው ወይስ የእስክንድርያ? በቅዱስ ቍርባን፣ በመንጽሔ፣ በቅዱሳን ምልጃ፣ በር.ሊ.ጳ. ሥልጣን ላይ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምንድን ነው? ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ሆኖም በውስጡ ተስፋ ነበረበት። ሉተራውያኑ ከሮም ውጭ ሆና ከሐዋርያት ዘመን የቆየች ቤተ ክርስቲያን ብትገኝ ምስክር ትሆነናለች ብለው ያስቡ ነበር። በሮም ያሉት ደግሞ አባ ጎርጎርዮስን ያዩአቸው የጠፋው የኢትዮጵያ ተልእኮ ቅሬታ፣ አንድ ቀን በሩ ሲከፈት የሚላኩ ሰው አድርገው ነው። በአገር ቤት ፈረንጅ፣ በሮም የተመለሰ በግ፣ በጎታ የምሥራቅ ምስክር ተባሉ። ሦስቱም ስሞች ጥቂት እውነት አለባቸው። አንዳቸውም ግን መካነ ሥላሴን የሚናፍቀውን፣ ያመነውን ሳይተው ያሳደጉትን አባቶች የሚያከብረውን ሰው አያሳዩንም።

ሉዶልፍ በኋላ በጻፈው ታሪክ ኢትዮጵያውያንን ከጥንት መናፍቃን ጋር የሚቆጥረውን ልማድ ተቃውሟል። ባሕርይ የሚለው ቃል በአንዱ ዘንድ አንድ፣ በሌላው ዘንድ ሌላ ትርጉም ስላለው፣ ክርክሩ በአብዛኛው የቃል ክርክር መሆኑን አስረድቷል። ለዚህ ድምዳሜ ያበቃው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ያደረገው ረጅም ውይይት መሆኑን መጠርጠር አያስቸግርም። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በ1973 በሮም በጋራ ባወጡት መግለጫ ስለ ክርስቶስ አምላክነትና ሰውነት ያላቸውን አንድ እምነት ሲመሰክሩ፣ በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የቆመው ግንብ ምን ያህሉ ከቃላት የተሠራ እንደ ነበር ታይቷል። እስከዚያ ድረስ ከጉባኤ ኬልቄዶን ጀምሮ ከአሥራ አምስት መቶ ዓመታት በላይ አልፈዋል።

አባ ጎርጎርዮስ ያቀኑት የአውሮፓውያን ሌላ ስሕተት የአገራችን ስም ነው። አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ንጉሣችንን ካህኑ ዮሐንስ እያለ ሲጠራ፣ አገራችንን አንዳንዴ ከሕንድ ጋር ሲቀላቅል ኖሯል። ካህኑ ዮሐንስ የሚባል ንጉሥ ኢትዮጵያውያን አያውቁም። ሐበሻ የሚለውም ስም ከዐረቦች የመጣ መሆኑን፣ የአገሩ ሰዎች ራሳቸውን በመጻሕፍታቸው ኢትዮጵያውያን ወይም የአግዓዚ፣ ማለትም የነጻ ሰዎች፣ ምድር ልጆች ብለው መጥራትን እንደሚመርጡ ሉዶልፍ ጽፏል። ስለ ዐባይ ምንጭ፣ ስለ ተራሮቹ፣ ስለ ዕፅዋቱና ስለ እንስሳቱ የሰማውንም በአገሩ ስም መዘገበ፤ እንሰትን እንሰት ብሎ፣ ጉማሬን ጉማሬ ብሎ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የስኮትላንዱ ጀምስ ብሩስ፣ እናቶቻችን ለኮሶ ትል መድኃኒት ያደረጉትን የኮሶ ዛፍ በእንግሊዛዊው ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው፤ ከዚያም ስሙ ተቀይሮ እስከ ዛሬ በሳይንስ መዝገብ የሚጠራው ሐገን በተባለ የኮኒግስበርግ ሊቅ ስም ነው። ጤፍና እንሰት ግን በዚያው መዝገብ የአገራቸውን ስም እንደ ያዙ ቀርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ቢታለፍ ለአባ ጎርጎርዮስ ማድላት ይሆናል። እርሳቸውም የዘመናቸው ሰው ነበሩ። በሉዶልፍ መጻሕፍት የኦሮሞ ሕዝብ የተጠራው ራሱን በሚጠራበት ስም አይደለም፤ ጎረቤቶቹ ባወጡለት፣ ዛሬ ጨዋ ሰው በማይናገረው ስም ነው። ቤተ እስራኤልም እንዲሁ ሌሎች በሰጧቸው ስም ተጽፈዋል። የትውልድ አገራቸው አማራ በዚያ መቶ ዓመት በጦርነት የተናወጠ ስለ ነበር፣ አባ ጎርጎርዮስ ስለ ኦሮሞዎች የሚያውቁት ተራኪው ተጎጂው ወገን የሆነበትን ታሪክ ነው። ሉዶልፍ ስለ አማርኛ የሚያስተምረው መካነ ሥላሴን የመሰለ ምስክር ነበረው፤ ስለ ኦሮሞ የሚነግረው ኦሮሞ ግን ከጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም። ስለዚህ አውሮፓውያን ስለ እርሳቸው በሩቅ ሆነው ያደረጉትን፣ እርሳቸውም ባላወቁት መጠን በጎረቤቶቻቸው ላይ አደረጉት። መጽሐፉ በአውሮፓ በብዛት ስለ ተነበበ ያ ስም ረጅም ዕድሜ አገኘ። በ18ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ስዊድናዊው ሊኔየስ ዕፅዋትንና እንስሳትን በመደበበት መጽሐፉ ሰውንም በአራት ወገን ከፍሎ ለየወገኑ ጠባይ ሰጠ፤ በ1758 በወጣው እትም አፍሪካዊውን ሰነፍና በስሜት የሚነዳ ብሎ ጻፈው። ለአበባ የሚያገለግለው አሠራር ለሰው ሲውል ምን ያህል ጉዳት እንዳመጣ ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ያውቃል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ለልጆች ስታስተምሩ፣ በዚያ ዘመን ሳምራዊ ማለት ስድብ እንደ ነበር ብትነግሯቸው ምሳሌው ይበልጥ ይገባቸዋል።

አባ ጎርጎርዮስ ክረምቱ ሳይገባ በመስከረም ወር ከጎታ ተነሥተው ወደ ሮም ተመለሱ። ከሉዶልፍ ጋር የነበራቸው ወዳጅነት ግን አልተቋረጠም፤ በግዕዝ የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች እስከ ዘመናችን ቆይተዋል። ልባቸው ግን በአገራቸው ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በስደት ከኖሩ በኋላ በ1658 ወደ ምሥራቅ ጉዞ ጀመሩ፤ የተሳፈሩባት መርከብ ግን በሶርያ ጠረፍ በእስክንድሮን አጠገብ ተሰበረችና በባሕር ሰጥመው ዐረፉ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ደርሶ ነበር።

መስፍን ኤርንስት ተስፋ አልቈረጡም። በ1663 የሉዶልፍ ደቀ መዝሙር የነበረውን ዮሐንስ ሚካኤል ቫንስሌበንን ወደ ኢትዮጵያ ላኩት። ከግብጽ ሳያልፍ ቀረ፤ ከዚያም ወደ ሮም ሄዶ ካቶሊካዊ ሆነ፣ የዶሚኒካውያንንም ማኅበር ገባ። ለመስፍኑ ይህ ምን ያህል መራራ እንደ ነበር መገመት ይቻላል፤ የላኩትን ሰው በሌላ መደብ አገኙት። ይኸው ቫንስሌበን በ1661 የሉዶልፍን የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን ሲያሳትም ብዙ ስሕተት ስለ ገባበት፣ ሉዶልፍ መዝገበ ቃላቱን በ1699፣ ሰዋስውን በ1702 እንደገና አርሞ አወጣ።

የኢትዮጵያ ታሪክ የተባለው ዋና መጽሐፉ በ1681፣ ሰፊው ማብራሪያው በ1691 ታተመ። በሁለቱም ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስ ስም ደጋግሞ ይገኛል፤ ሉዶልፍ የሰማውን ከማን እንደ ሰማ ሳይደብቅ ጽፏል፣ ይህም በዚያ ዘመን ሊቃውንት ዘንድ የተለመደ አልነበረም። በ1698 ደግሞ በፍራንክፈርት ከተማ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። አማርኛ በዚህ መልክ ተሰብስቦ ለኅትመት ሲበቃ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። በመዝገበ ቃላቱ የገባው አማርኛ በአብዛኛው ከመካነ ሥላሴው መነኩሴ አፍ የተሰማው ነው። ሉዶልፍ በዚያን ጊዜ ሰባ አራት ዓመቱ ነበር፤ ቃላቱን የነገሩት ሰው በባሕር ከቀሩ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንድ ቃል ሲያጠራጥረው መለስ ብሎ የሚጠይቃቸው አባ ጎርጎርዮስ አልነበሩም።